የላንቴዋ ሞክሼዬ

ልጅቷ መጀመሪያ ቤቴ የመጣች ዕለት እህል አልቀመሰችም። «ይቅርታ እትዬ፣ ጾም ላይ ነኝ» አለችኝ፣ ዓይኗን ከሳህኑ ላይ ሳታነሳ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ወሩ ግንቦት ነው፣ ሃምሳው ገና አላለቀም። ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት ጊዜ፣ ያውም በቅዳሜ፣ ዶሮ ወጥ ፊቷ ቀርቦላት ነው ጾም ላይ ነኝ የምትለኝ። እኔ ሞኝ እመስላለሁ?

ልጄ ዕዝራ ከጎኗ ተቀምጦ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ከውሃ ኢንስቲትዩቱ ተመርቆ ሥራ ከያዘ ገና ዓመቱ ነው። አባቱ ከሞተ ወዲህ በዚህ ቤት እኔና እሱ ብቻ ነን። «እማዬ፣ የማገባትን ልጅ ላሳይሽ» ብሎ ነው ያመጣት። ብሩክታዊት ትባላለች፣ ቆላው ላንቴ ከአያቷ ጋር ትኖራለች፣ እዚያው አስተማሪ ናት። ቆንጆ ናት፤ አልዋሽም። ግን ቁንጅና እህል አያስጥልም።

እኔ ሴቻ በሚባለው ሰፈራችን ካለ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት የሠራሁ ሴት ነኝ። ሰው ሲዋሽ በወረቀት ላይም በፊት ላይም አውቃለሁ። ስለዚህ ልብ ብዬ አየኋት። ሳህኑን ገፋ አድርጋ ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለውን ፎቶግራፍ ታያለች። ዓይኗን መለሰች። ደግሞ አየችው።

«እሳቸው ማን ናቸው?» አለች።

«አያቴ ናቸው። ወይዘሮ ወሰንየለሽ። የእኔም ስም ከሳቸው ነው የወጣው።»

«የጨንቻዋ ወይዘሮ ወሰንየለሽ?»

«ታውቂያቸዋለሽ?»

«አላውቃቸውም» አለችና ነጠላዋን አስተካከለች። «የእኔም አያት ስሟ ወሰንየለሽ ነው።»

እዚህ ላይ ስለ ስሜ ትንሽ መናገር አለብኝ፤ ካልተናገርኩ ለምን ደሜ እንደፈላ አይገባችሁም። የአያቴ አባት ከሰሜን ከጦር ጋር መጥቶ ጨንቻ ላይ የሰፈረ ሰው ነበር። የአካባቢው ደጋ ሁሉ ተሰጥቶት፣ ሴት ልጅ በተወለደችለት ጊዜ ኮረብታ ላይ ወጥቶ በአራቱም አቅጣጫ አየና «ወሰን የለሽም» አላት ይባላል። ዳርቻ የለሽም ማለቱ ነው። በእኛ ቤት ይህ ታሪክ ከዳዊቱ እኩል ይደገማል። ስሙ የቤታችን ነው። ሥራ ከገባሁ ጀምሮ በዚያ ስም የሚመጣ ማመልከቻ ሁሉ በእጄ ያልፋል፤ በጋሞ ምድር ያሉትን ወሰንየለሾች በሙሉ አውቃቸዋለሁ። አንዷ ምዕራብ ዓባያ ጠጅ ቤት የነበራት ናት፤ ሦስት ባል ቀብራለች። አንዷ ሲቀላ ጨርቅ ትሸጣለች፤ እሷ የመጣችው ከወሎ ነው። አንዷ መነኩሲት ናት። አራተኛዋ እኔ። ላንቴ ውስጥ ወሰንየለሽ የለችም። የጋሞ ገበሬ ልጁን ወሰንየለሽ ብሎ አይጠራም።

አያቴ ደግሞ የዋዛ ሰው አልነበሩም። ስምንት ዓመቴ ሳለ የቀርከሃ አጥር ሲያስተክሉ የገመዱን ጫፍ እኔን ነበር የሚያስይዙኝ። «ትንሿ ወሰንየለሽ፣ ሳብ አድርጊው! ሳብ!» ይሉኛል። ሠራተኞቹ ቆመው እየጠበቁ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል እኔ ተመርጬ! ሲያልቅ ማር በቂጣ ያጎርሱኛል። እስከ ዛሬ እንደሳቸው የወደደኝ ሰው የለም ብዬ ነው የማምነው።

መዝገብ ቤት የኖረ ሰው በአንድ ስም ሁለት ፋይል ሲያይ ዝም አይልም። ከሁለቱ አንዱ ሐሰት ነው፣ ወይም ሁለቱ አንድ ቤት ናቸው። ልጅቷ ከሄደች በኋላ ነገሩን ሳገላብጥ አባቴ ትዝ አለኝ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በጎረምሳነቱ ዓይኑ ከሴት አይነቀልም ነበር። ጎረቤት ያለች የጋሞ ልጅ አስረግዞ፣ የተወለደችውን በእናቱ ስም ጠርቶ ቢሆንስ? ያቺ የላንቴ አሮጊት እህቴ ብትሆንስ? እንዲያ ከሆነ ዕዝራና ብሩክታዊት ዘመድ ናቸው ማለት ነው። በእኛ ሃይማኖት ሰባት ቤት ሳይቆጠር አይጋባም፤ እነዚህ ደግሞ ሦስት ቤት እንኳ አይሞሉም።

ከዚያ ወዲያ ያላየሁት ምልክት የለም። ልጅቷ በግራ እጇ ትጽፋለች፤ አባቴም ግራኝ ነበር። ጆሮዋ ትንሽ ነው፤ የአባቴም። አይደረግም፣ ግን አደረግሁት፤ የመምህራን ፋይል ካለበት ክፍል የሷን አስወጥቼ ፎቶዋን ከአባቴ ፎቶ ጎን አስቀምጬ በመነጽር አየሁ። ቅንድቡ አንድ ነው አልኩ። አብራኝ የምትሠራው ጽጌረዳ መጥታ አየችና «ወይዘሮ ወሰንየለሽ፣ ይሄን ያህል ካዩትማ እኔም እመስላቸዋለሁ» አለችኝ። ስቃ ሄደች። እሷንም ጠረጠርኳት።

ሽምግልና የሚሄዱልን ጎረቤቴ ጋሽ ሀብተሚካኤል ነበሩ። ሄጄ «ጋሼ፣ ይቆዩ፤ ነገሩ ሽታ አለው» አልኳቸው። ጥርጣሬዬን ሁሉ ዘረዘርኩላቸው። ጨንቻ ተወልደው ያደጉ ሰው ናቸው፤ ጋሞኛም አማርኛም እኩል ይናገራሉ። ጺማቸውን እየዳሰሱ ሰሙኝና «ልጅቷ እህል አልቀመሰችም ነው ያልሽው?» አሉ።

«በሃምሳው!»

«ውሃስ?»

«ውሃ አልሰጠኋትም።»

«በሚቀጥለው ስትመጣ ውሃ ስጫትና እይ» አሉኝ። ከዚያ ከንፈራቸውን ግጥም አደረጉ። ሰው የሚያውቀውን ሲደብቅ አፉን እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

በሳምንቱ ዕዝራ ደግሞ አመጣት። ውሃ ቀዳሁላት። ብርጭቆውን በሁለት እጇ ተቀበለችኝ፣ አመሰገነች፣ ጉልበቷ ላይ ያዘችው። ሩብ ሰዓት ያህል ያዘችው። ከዚያ ሳትነካው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

«ልጄ፣ የውሃ ጾም ደግሞ መቼ ወጣ?» አልኳት። «መርዝ ያለበት መስሎሽ ነው? ወይስ የምትደብቂኝ ነገር አለ? አያትሽ የማን ልጅ ናት?»

ፊቷ ቀላ፣ ዓይኗ እንባ ሞላ። «እትዬ፣ እኔ የመናገር ፈቃድ የለኝም። አያቴን ይጠይቋት» አለች። ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

ዕዝራ እስከ በር ሸኝቷት ተመለሰና ፊቴ ቆመ። እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። «እማዬ፣ ልጅቷን እንደ ፋይል አታገላብጫት። እሷ ከቀረች ሌላ አላገባም። አዋሳ ሥራ ተገኝቶልኛል፤ እሄዳለሁ፣ አልመለስም።» ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ያ ነው ያስፈራኝ። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ይህ ልጅ ከሄደ እኔ ከማን ጋር ነው የምኖረው?

በማግስቱ ጠዋት ሲቀላ መናኸሪያ ወርጄ በሚኒባስ ላንቴ ሄድኩ። የአሮጊቷን ቤት መጠየቅ አላስቸገረኝም፤ «ወሰንየለሽ» ስል ሁሉም ሰው ያውቃታል፣ የሙዝ ማሳዋ እስከ መንገድ ድረስ ይወጣል። ስድሳ አምስት ዓመት ገደማ ይሆናታል። ቀጥ ያለች፣ ደረቅ ያለች ሴት ናት፤ እጆቿ ከእኔ ይተልቃሉ። ስታየኝ አልደነገጠችም።

«የዕዝራ እናት ናት» አለች ለራሷ። «ነይ፣ ቁጭ በል።» አማርኛዋ እንዲህ ነው፤ ወንዱንም ሴቱንም ያቀላቅላል።

ሙዝ ጥላ ሥር በርጩማ ሰጠችኝ። ውሃ የለም፣ ሙዝ እንኳ የለም። ሙዝ ራሴ ላይ ተንጠልጥሎ! በጋሞ ቤት እንግዳ ገብቶ አፉ ደርቆ ሲቀመጥ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያን ጊዜ የልጅቷ ነገር የአስተዳደግ ጉድለት እንዳልሆነ ገባኝ። ከዚህ ቤት የወጣ ትእዛዝ ነው።

«እማማ፣ በግልጽ ልጠይቅዎ» አልኩ። «አባትዎ ማን ናቸው? ስምዎንስ ማን አወጣልዎ?»

ሳቀች። ጥርሷ ሁሉም አለ። «አንቺ አባትሽ ከእናቴ ጋር ተኛ ብለሽ ነው የመጣሽ?»

አፈርኩ፤ ግን ራሴን ነቀነቅሁ።

«አልተኛም። እናቴ ብትሰማ ዱላ ታነሣ ነበር። ስሙን አባቴ አወጣ። አያትሽ ጎረቤታችን ነበረች። በሁለታችን መሐል የቀርከሃ አጥር ነበር። አጥሩ በየዓመቱ ይሄዳል። ዘንድሮ አንድ ክንድ፣ ለከርሞ ሁለት ክንድ። ወደ እኛ እንጂ ወደ እሷ አይሄድም። የአባቴ እንሰት፣ የአያቱ እንሰት፣ አንድ ረድፍ ሄደ፤ ሌላው ረድፍ ሄደ። አባቴ ዳኛ ጋ ሄደ። ዳኛው የአያትሽ ዘመድ ነው። ምን ያድርግ? እኔ ስወለድ ወሰንየለሽ አለኝ።»

«በአያቴ ስም? እንዲወዱት ብሎ?»

«እንዲያዛት ብሎ ነዋ!» ጉልበቷን በእጇ መታች። «ቤታችን በጋሞኛ ነው የምናወራው። እኔን ለማዘዝ ብቻ አባቴ አማርኛ ይናገራል። አጥሩ ጋ ይቆምና ይጮሃል፤ ‹ወሰንየለሽ! ተነሺ፣ ውሃ አምጪ! ወሰንየለሽ! በረት ጥረጊ! አንቺ ሰነፍ ወሰንየለሽ!› አያትሽ ማዶ ቁጭ ብላ ትሰማለች። ልጁን ነው የሚጠራው፣ ምን ትለዋለች? መንደሩ ሁሉ ይስቃል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ። የእኔን ስም ግን ንዴት ነው ያወጣው።»

የራሴ ስም፣ ያ ከኮረብታ ላይ ወረደ የተባለው ስም፣ በረት ሲያስጠርግ ሰማሁት። ያስቃል፤ ግን መሳቅ አልቻልኩም።

«አጥሩስ?» አልኩ።

«አጥሩ ግድግዳችን ጋ ደረሰ። ከዚያ ወረድን፣ ወደዚህ። ያኔ እዚህ ጫካ ነው፣ ወባ ነው። ሁለት ወንድም ነበረኝ። ወባ በላቸው፤ በአንድ ክረምት።» ጣቷን ወደ ማሳው ጫፍ ቀሰረች፤ እዚያ ተቀብረው ይሆናል፣ አልጠየቅሁም። «በእኛ አገር ሳይታረቁ አብሮ መብላት ጎሜ ነው። ልጅ ይታመማል፣ ዘር አይበረክትም። ብሩክታዊት የልጅሽን ስም፣ የአንቺን ስም ስትነግረኝ አወቅኩ። እህል እንዳትቀምስ አልኳት፣ ውሃም። መጀመሪያ ይነገር። ዱቡሻ ላይ፣ ሰው ፊት፣ የሆነው ይነገር። ከዚያ ልጁን ትውሰድ።»

እንግዲህ ዘመድ አይደሉም። መደሰት ነበረብኝ። በሚኒባሱ ስመለስ በሁለት የሙዝ ዘለላ መካከል ተጨናንቄ ተቀምጬ፣ «የባልንጀራውን ወሰን የሚገፋ ርጉም ይሁን» የሚለው ቃል በጆሮዬ ይደወላል። ቤተ ክርስቲያን ሲነበብ ስንት ጊዜ ሰምቼ አሜን ብያለሁ! ደግሞ ያ ገመድ። ማር በቂጣ። ሳብ አድርጊው፣ ሳብ። ገመዱ ለምን እንደሚሳብ በዚያን ቀን አልጠየቅሁም፤ ልጅ ነበርኩ። ግን ከዚያ በኋላ አርባ አራት ዓመት አልፏል። ሰውን ሁሉ ስጠረጥር፣ ግድግዳዬ ላይ ያለችውን ሴት አንድ ቀን አልጠረጠርኳትም።

ለጋሽ ሀብተሚካኤል ስነግራቸው አልተገረሙም። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» አሉ። «እኔ ብነግርሽ ኖሮ አታምኚኝም ነበር። ችግር የለም፤ ‹አያቴ በድለዋል፣ ይቅር በሉን› ትያለሽ፣ በቃ። ሙት ነው የሚወቀሰው።» ስለ ገመዱ ግን ለሳቸውም አልነገርኩም። ማንም አያውቅም። የሚያውቁት ሞተዋል።

ቅዳሜ ጠዋት ከዕዝራና ከጋሽ ሀብተሚካኤል ጋር ላንቴ ወረድን። ዱቡሻ የሚሉት ሽማግሌዎች የሚሰበሰቡበት ሜዳ ነው፤ ትልቅ ዛፍ አለው። ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። አሮጊቷ በአንድ በኩል፣ ብሩክታዊት ከኋላዋ፣ እኛ በሌላው በኩል። መካከሉ ባዶ ነው። አንድ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ በጋሞኛ መረቀና ወደ እኔ ዞረ። ጋሽ ሀብተሚካኤል «ተናገሪ ይሉሻል» አሉኝ።

ተነሣሁ። ያዘጋጀሁትን ተናገርኩ። አያቴ የእነዚህን ሰዎች መሬት ገፍተዋል፣ እንሰታቸውን ወስደዋል፣ ከደጋ ወደ ወባ አውርደዋቸዋል፣ ስለሳቸው ይቅርታ እለምናለሁ አልኩ። ጋሽ ሀብተሚካኤል ተረጎሙልኝ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሽማግሌው ሣሩን ወደ አሮጊቷ ሊያቀብል እጁን ዘረጋ። አልቋል፤ መቀመጥ ብቻ ነው የቀረኝ።

አሮጊቷ ግን ሣሩን አልተቀበለችም። ታየኛለች። ያን ዓይን አውቀዋለሁ፤ ያው የእኔ ዓይን ነው። ፋይሉ ውስጥ አንድ ገጽ እንደጎደለ ያወቀ ሰው ዓይን።

«ሌላም አለ» አልኩ። «ገመዱን የያዝኩት እኔ ነኝ። የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። አያቴ ቀይ ሻሽ አስረውልኝ፣ ገመድ አስይዘው አቆሙኝ። ሳቢ ሲሉኝ ሳብኩ። ማር ሰጡኝ፣ በላሁ።»

ጋሽ ሀብተሚካኤል ለመተርጎም አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። መተርጎምም አላስፈለገም።

«ቀይ ሻሽ» አለች አሮጊቷ ቀስ ብላ። «አየሁሽ እኮ። እኔ በር ላይ ቆሜያለሁ። አባቴ ማጭድ ይዞ ወጣ። ገመዱን ሊቆርጥ፣ ሊጣላ፣ ሊሞት። ልጅ ይዛዋለች። ማጭዱን ጣለ። ‹ልጅ ባትይዘው ኖሮ› ይል ነበር፣ እስኪሞት ድረስ። ‹ልጅ ባትይዘው ኖሮ።›»

ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ለምን እኔን እንደመረጡኝ ያን ጊዜ ገባኝ። አርባ አራት ዓመት ፍቅር ነው ብዬ የያዝኩት ነገር ማጭድ መከላከያ ነበር። አለቀስኩ፤ እንደ ልጅ፣ አፍንጫዬ እስኪፈስ። ለማን እንዳለቀስኩ አላውቅም፤ ለእነዚያ ሁለት ወንድሞች ይሁን ለራሴ። አሮጊቷ ተነሥታ መካከሉን ባዶ ቦታ ተሻገረች። ሣሩን ከሽማግሌው እጅ ወስዳ መዳፌ ላይ አደረገችና በትልልቅ ጣቶቿ መዳፌን ዘጋችው። «ልጅ ነበርሽ» አለች። ሽማግሌዎቹ ምርቃቱን ጀመሩ።

ከዚያ ሁላችንም ወደ ቤቷ ሄድን። ብሩክታዊት ከበቆሎ ዱቄትና ከሽፈራው ቅጠል የተሠራ ፎሰሴ በትልቅ ሳህን አቀረበች፣ ሙዝም ተቆርጦ ገባ። ግን ማንም እጁን አልሰደደም። አሮጊቷን ይጠብቃሉ። እኔ ዕዝራ አጠገብ የክብር ወንበር ተሰጥቶኝ ተቀምጫለሁ። አሮጊቷ ቀና ብላ አየችኝ፣ ደረቷን ነፋችና ጮኸች፤ አጥር ማዶ ላለ ሰው እንደሚጮህ፣ በጠራ አማርኛ።

«ወሰንየለሽ! ተነሺ! ውሃ አምጪ!»

ዕዝራ እጄን ያዘ፤ ጠባዬን ያውቃል። እኔን የመሥሪያ ቤቴ ኃላፊ እንኳ በዚያ ድምፅ አዞኝ አያውቅም። ደሜ ወደ ፊቴ ሲወጣ ተሰማኝ። ከዚያ እጄን ከልጄ እጅ አስለቀቅሁ።

«አቤት!» አልኩና ተነሣሁ።

ጥግ ላይ ያለውን ጆግ ሞላሁት። ማስታጠቢያ ሳህን ይዤ በርከክ ብዬ በእነዚያ ትልልቅ እጆች ላይ አፈሰስኩ። ቀስ ብላ ታጠበች፣ አልተቸኮለችም። ስትጨርስ እርጥብ እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች።

«እግዜር ይስጥሽ፣ ሞክሼዬ» አለች።

ወደ ብሩክታዊት ዞርኩ። እጆቿን ዘርግታ እየጠበቀችኝ ነው፣ ጉንጯ በእንባ ርሷል። አፈሰስኩላት።

«እትዬ» አለችኝ በሹክሹክታ፣ «እንዴት እንደራበኝ ባወቁ።»